የኦይጃሞል ተረት መጨረሻ

አጎቴ ሚርዞናዛር ብርድ ፈሪ ነው ብሎ ያወራ ሁሉ ምላሱ ይታሰር! እኔ ኒሶ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ በእጁ ነው ያደግሁት፤ የማወራውን አውቃለሁ። ሰውዬው እንኳን ብርድ ሊፈራ፣ በረዶ ቀልጦ የሞላ ወንዝ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ የሰው ፍየል ጎትቶ ያወጣ ነው። የሰው ፍየል! የራሱ ብትሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።

እርግጥ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ ነገር ሲያደርግ አይተነዋል። በረዶው ሲቀልጥ ከዛፋሮቦድ ሜዳ ተነስቶ ወደ ያግኖብ ሸለቆ፣ ወደ አባቶቹ መንደር ወደ ጋርሜን ይወጣል። ገብስና አተር ይዘራል፣ የፈረሰ ግድግዳ ይክባል፣ ፍየል ያግዳል። የመጀመሪያው በረዶ ተራራው ጫፍ ላይ ሲታይ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሜዳ ይወርዳል። ቤታቸውን መልሰው የሠሩት ጎረቤቶቹ እዚያው ይከርማሉ፤ እሱ የለም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የኔ ባል የተራራ ሰው የሚሆነው በበጋ ብቻ ነው» እያለች ሰው ፊት ትስቅበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። እውነተኛውን ምክንያት የነገረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ያውም አስምሎ።

ምክንያቱ አንድ ተረት ነበር። መጨረሻውን የማያውቀው ተረት።

እኛ ዘንድ ተረት በበጋ አይነገርም። ገብሱ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ተረት የጀመረ ሰው በረዶውን እንደጠራው ይቆጠራል፤ በረዶውም የተጠራ መስሎት ሰብሉ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ይጠበቃል። የተራራው መተላለፊያ በበረዶ ሲዘጋ፣ ፍየሎቹ ምድር ቤት ሲገቡ፣ ቤተሰቡ ሳንዳሊው ዙሪያ ይሰበሰባል። ፍም ያለበት ጉድጓድ ላይ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሁሉም እግር ከሥሩ። ያኔ እናት ትጀምራለች። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ተረት አለው፤ የእኛን ቤት ተረት የምትናገረው የሚርዞናዛር እናት ኦይጃሞል ነበረች። ለእኔ አያቴ መሆኗ ነው፤ አላየኋትም።

ተረቱ እንዲህ ነው። አሁን የምጽፈው ውጭ በረዶ ስላለ ነውና ማንም እንዳይወቅሰኝ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ሰዎቻችን በሰሜን በኩል፣ ማለቂያ በሌለው የሣር ሜዳ ላይ ፈረስና ሠረገላ ይዘው ይኖሩ ነበር። ሣሩ አልበቃ ሲል ወንድማማቾቹ ተለያዩ። አንዱ በፈረስ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ሄደ። ሌላው ከብቱን ነድቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞቃቱ አገር ወረደ። የእኛ አባት ትንሹ ነበር፤ ሠረገላው ተሰብሮበት ወንዝ ዳር ቀረ። በቃ፣ እዚያው ከተማ ሠራ። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል የተሳለበት ከተማ። ልጆቹ ሐር ጭነው ከቻይና ይመላለሱ ነበር። ኋላ ጦር መጣ፣ ከተማው ተቃጠለ፣ ሰባት ቤተሰብ ብቻ አመለጠ። ወንዙን ይዘው ወደ ላይ፣ አሁንም ወደ ላይ፣ መንገዱ ለአንድ ሰው እስኪጠብ ድረስ ወጡ። መጨረሻ ላይ ገደል ደረሱ። ገደሉ ላይ በግንድና በልምጭ የተሠራ አንድ ድልድይ አለ። ስድስቱ ቤተሰብ ተሻገሩ። ከሰባተኛውም ሁሉም ተሻገረ፣ ከአሮጊቷ በቀር። አሮጊቷ አንካሳ ፍየሏን ጥዬ አልመጣም ብላ ገና ከወዲያ ናት። የጠላት አቧራ ከታች ይታያል። ወንዶቹ ድልድዩን ሊቆርጡ መጥረቢያ አነሱ። ልጇ «ቆይ፣ እናቴን!» አለ። ሌሎቹ «ቁረጥ!» አሉ።

ከዚያስ? ከዚያማ ሚርዞናዛርን እንቅልፍ ወሰደው።

«በየዓመቱ፣ ኒሶ! በየዓመቱ!» ይለኝ ነበር ጭኑን እየመታ። «ዘንድሮስ ብሞት አልተኛም እላለሁ። ጉንጬን እቆነጥጣለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እግሬ ሥር ያ ፍም አለ፣ ሆዴ በወተት ሻይ ጢም ብሏል። መጥረቢያው ሲነሳ እሰማለሁ። ከዚያ ጠዋት ነው።»

እናቴም አትረባም፤ ታናሽ እህቱ ስለሆነች ገና ሠረገላው ሳይሰበር ነበር የምታንኮራፋው።

«ጠዋት አትጠይቃትም ነበር?» እለዋለሁ።

«አልጠይቅ! ‹ጆሮህን ይዘህ ተኝተህ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? ለከርሞ› ትለኛለች። ጨካኝ ነበረች እኮ እናቴ» ይልና ዓይኑ እንባ ያቀራል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ በበጋ፣ ከሌኒንግራድ ሊዲያ አርካዲየቭና የምትባል ምሁር መጣች። ሻንጣ የሚያህል የድምፅ መቅረጫ በአህያ አስጭና ነው የመጣችው። ቋንቋችንን ትናገራለች፤ ስትሳሳት ልጆቹ ሲስቁባት እሷም ትስቃለች። መንደሩን ሰብስባ፣ እናንተ የሶግድ ሰዎች ልጆች ናችሁ አለች። አባቶቻችሁ በመላው እስያ የታወቁ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ፋርሶቹ፣ ኩርዶቹ፣ ፓሽቱኖቹ፣ ካውካሰስ ተራራ ያሉት ኦሴቶች፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ዘመዶቻችሁ ናቸው አለች።

«ነጋዴ? እኛ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ጨው ልንለውጥ ወርደን ተሞኝተን የምንመለሰው?» መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «ደግሞ ያ ሁሉ ዘመድ ካለን፣ ይሄን ያህል ዘመን አንዱ እንኳ ሳይጠይቀን የት ከርሞ ነው?»

ሊዲያ የፈለገችው የቤታችንን ተረት ነበር። ኦይጃሞል ወደ ማሳው ጠቆመቻት።

«ገብሱ ቆሟል። በበረዶ ነይ።»

«በበረዶ መንገዱ ይዘጋል እኮ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ሳይዘጋ ነይና ቁጭ በይ። ማን ያባርርሻል?»

ሚርዞናዛር በር ላይ ተለጥፎ ይሰማል። እንግዳዋ አጥብቃ ብትለምናት፣ እናቱም ብትረታ፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ፍም በሌለበት፣ መጨረሻውን ሊሰማ ነው። በዚህ መሀል የሊዲያ አህያ አተር ውስጥ ገባ። እናቱ በስሙ ጠርታ ጮኸችበት፤ እየተራገመ ሮጠ። ያ አህያ ደግሞ አይያዝም! አባሮ፣ ጎትቶ፣ አስሮ ሲመለስ ሴቶቹ ሻይ እየጠጡ ነው፤ መቅረጫው ተዘግቷል።

«ነገረችሽ?» አላት ሊዲያን በሹክሹክታ።

ሊዲያ ፀጉሩን ዳበሰችውና ሳቀች። በማግስቱ ሄደች።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመንግሥት ሄሊኮፕተሮች መጡ። ናዳ ሊፈጃችሁ ነው፣ ለእናንተው ደኅንነት ነው ተባለ። ሜዳው ላይ ጥጥ የሚለቅም እጅ መፈለጉን የተረዳነው ኋላ፣ ጆንያው ትከሻችን ላይ ሲሆን ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ መንደሩ ባዶ ሆነ። ውሾቹ ቀሩ። ኦይጃሞል ቤቷን ጠርጋ፣ ሳንዳሊው ላይ ብርድ ልብሱን አልብሳ፣ በሩን በቀስታ መለስ አድርጋ ወጣች። ማን እንዲሞቀው እንደሆነ እሷ ትወቀው።

ያሰፈሯቸው ዛፋሮቦድ ነው። ለእኔ የተወለድኩበት ስለሆነ ብዙም አላማውም። ለእነሱ ግን እሳት ነበር። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፣ ውሃው ለብ ያለና ጨዋማ። በመጀመሪያው በጋ ሽማግሌና አሮጊት ተራ በተራ ረገፈ። በነሐሴ ኦይጃሞል ተኛች።

የሚቀጥለውን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ እንደማትድን ያውቃል፤ የተረቱንም መጨረሻ ይዛው ልትሄድ ነው። ለመናት። «ይሄ ምን በረዶ አለው?» አለችው። እሱም ተነስቶ ሥጋ ማከማቻው ድረስ ሮጠ፤ ዘበኛውን ለምኖ አንድ ትልቅ የበረዶ ግግር በጆንያ ተሸክሞ ተመለሰ። ግማሹ ጀርባው ላይ ቀልጧል። የቀረውን በድንጋይ ከስክሶ ደጃፉ ላይ በተነው።

«እናቴ፣ በረዶ ገብቷል። ቀና በይና እዪ።»

ቀና አለች። አየችው። እሱን ደግሞ አየችው፣ ከአንገቱ እስከ እግሩ ውሃ የሚንጠባጠበውን።

«አንተ፣ እኔን ፍየል አደረግኸኝ? በረዶ በጆንያ መምጣት የጀመረው መቼ ነው?»

ግን እጇን ዘረጋች። ቁራጭ ሰጣት። አፏ ውስጥ ከትታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይጣፍጣል» አለች። «ስንመለስ እነግርሃለሁ። ብቻ እንዳትተኛ።»

በሦስተኛው ቀን አረፈች። የቀበሯትም እዚያው፣ ጥጡ ዳር ነው።

ከዚያ በኋላ የአጎቴ ሕይወት እንደማንም ሰው ሕይወት ነው። ጥጥ ለቀመ፣ ትራክተር ነዳ፣ አገባ፣ ወለደ። ወታደር ቤት ሳለ ሶስላን ከሚባል ኦሴት ጋር አንድ ድንኳን አደረ። አንድ ቀን ድንች ሲልጡ ሶስላን በገዛ ቋንቋው ሲቆጥር ሰማው፤ ሰባት ላይ ሲደርስ የእኛው ሰባት፣ አሥር ላይ ሲደርስ የእኛው አሥር ሊሆን ምንም አልቀረውም። አጎቴ ድንቹን ጥሎ አቀፈው። ያ በፈረስ ወደ ምዕራብ የሄደው ወንድም ልጅ መሆኑ ነው!

«በል ንገረኝ» አለው። «ድልድዩን ቆረጡት ወይስ አልቆረጡትም?»

«የቱን ድልድይ?»

ተረቱን ነገረው። ሶስላን አሰበ፣ አሰበና፣ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ያኔ ከሄድን ቆይተናል። እኔ በምን ልወቅ?» አለው።

አንዴ ደግሞ አበደ። በሐምሌ፣ ሰርግ ቤት፣ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ከጠጣ በኋላ ተነስቶ ተረቱን ጀመረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጨረሻውን ያውቅ ይሆናል፣ እስከ መጥረቢያው ካደረስኩት አፉ አያስችለውም ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ደፍነው ከድንኳኑ ወጡ። በሳምንቱ እንቁላል የሚያህል ጠጠር በረዶ ወርዶ ጥጡን ድምጥማጡን አጠፋው። የእርሻ ባለሙያው የአየር ጠባይ ነው አለ። የእኛ ሰዎች ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈጉት። አሁን ድረስ፣ ሰማዩ ጠቆር ሲል «ሚርዞናዛር የት አለ?» የሚሉ አሉ።

መመለስ ሲፈቀድ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወጣ። ቤቱ ጣሪያው ወድቋል፤ ሳንዳሊው ግን ነበር፣ ብርድ ልብሱ በስብሶ። ሁሉን አደሰው። ከዚያም በረዶው ሲቃረብ ወረደ። «ለምን?» ብዬ ስጨቀጭቀው ነው አስምሎ የነገረኝ።

«ልጆች ሳንዳሊው ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ኒሶ። መጥረቢያው ይነሳል። ከዚያ ምን ልበላቸው? አያታችሁ ሳትነግረኝ ሞተች ልበል? ‹ስንመለስ› ነው ያለችኝ። ተረቱን ሳልይዝ እዚያ ከርሜ ‹ተመለስኩ› ብል ውሸት ነው።»

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ አይሰለቸኝም። ሊዲያ ወደምትሠራበት ተቋም ስድስት ዓመት ጻፍኩ። እሷ ሞታለች አሉኝ። ቴፖቹ ምድር ቤት ናቸው አሉኝ። አልተደራጁም አሉኝ። እኔም መጻፌን አልተውኩም፤ በመጨረሻ አንድ ወጣት፣ ወይ አዝኖልኝ ወይ መሮት፣ ፈልጎ አገኘውና ገልብጦ በሲዲ ላከልኝ። አጎቴ ከተራራው በወረደ በሁለተኛው ቀን ይዤለት ሄድኩ።

እጁን ታጠበ። ቆቡን አስተካከለ። ለጸሎት እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጠ። ማጫወቻውን ከፈትኩት። ንፋስ ይሰማል፣ ዶሮ ይሰማል። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ቀጭንና ቁጡ፦ «ሚርዞናዛር! አንተ ሚርዞናዛር! አህያው አተሩን ጨረሰው!»

«አቤት!» አለ አጎቴ። ብድግ ብሎ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ጥርሱ ረግፏል፣ ብድግ ብሎ «አቤት!» አለ።

እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ቴፑ ቀጠለ። የሊዲያ ድምፅ መጣ። «እሺ ተረቱ ይቅር። ልጅሽ እስከ መጥረቢያው ድረስ በሹክሹክታ ነግሮኛል…»

«በበጋ? ያ ጅል! ገብሳችንን ሊያስበላን ነው!»

«መጨረሻውን ብቻ። ቆረጡት?»

ሻይ ሲቀዳ ይሰማል። ከዚያ ኦይጃሞል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሄዷል? አህያው ጋ ነው? እንግዲህ አንቺ መንገደኛ ነሽ፣ ምስጢር ያዢልኝ። እኔም አላውቀውም።»

«እንዴት አታውቂውም?»

«እናቴ ስትነግረኝ መጥረቢያው ጋ እንቅልፍ ይወስደኛል። እሷንም እናቷ ስትነግራት እንደዚያው። ይሄም የኔው፣ መጥረቢያው ሲነሳ ክልትው ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። መጨረሻ አስፈልጎኝ አያውቅም።»

«አንድ ቀን ሳይተኛ ቢቀርስ?»

«ያኔማ ትልቅ ሰው ሆኗል» አለች ኦይጃሞል። «ራሱ ይወቅበት።»

ቀጥሎ ሳቁ፣ ሁለቱም። ከዚያ ቴፑ አለቀ።

አጎቴ ጭኑን መታ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት!» አለ። «ሠላሳ ሰባት ዓመት እያታለለችኝ! በረዶ አመጣሁላት እኮ፣ ኒሶ! ጀርባዬ እስኪደነዝዝ! እየሞተች እንኳ አልነገረችኝም!»

«ልማዱን አክብራ ይሆናላ» አልኩት።

«ልማዱ ጀርባ ተደብቃ ነው!»

«ሁለቱም ቢሆንስ?»

ቆቡን ወርውሮ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ስሄድ ማጫወቻውን ከፍቶ አገኘሁት። የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የሚያዳምጠው፣ ስለ አህያው የምትጮኸዋን፣ ደጋግሞ። በተጠራ ቁጥር ቀስ ብሎ «አቤት» ይላል። እኔን ሲያይ አፈረና ሳቀ። ሳቁ ገነፈለ፣ እንባውም አብሮ። «ራሱ ይወቅበት አለች» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ሰማሽ ኒሶ? ራሱ ይወቅበት።»

በዚያ ሳምንት፣ እንደ እሱ በበጋ ብቻ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከተራራ ሲወርድ እሱ ጓዙን ጭኖ ወጣ። እኔም የልጁን ልጅ አንዙራትን ይዤ ተከተልኩት፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የአርባ። መተላለፊያው ከኋላችን ተዘጋ። ጎረቤቶቹ ሲያዩት ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። «ሚርዞናዛር፣ ምነው፣ መንገድ ጠፋህ እንዴ?» አሉት። «ገና አገኘሁት» አላቸው።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እንደገባች የጎረቤት ልጆችም መጥተው ሳንዳሊው ዙሪያ ተቀመጡ። ሣሩን፣ ሠረገላውን፣ ሥዕላማውን ከተማ ነገራቸው። ድምፁ እየተለወጠ፣ እየቀጠነ ሲሄድ ሰማሁ፤ የቴፑ ድምፅ እየሆነ ሄደ። መጥረቢያው ተነሳ። አንዱ ልጅ ተኛ፣ ሌላውም፣ ትንሿም። አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ዳነ ማለት ነው።

«ከዚያስ፣ ቦቦ?» አለች አንዙራት አያቷን። ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ፍሙ ዞርኩ፤ ምን ላድርገው?

«ቆረጡት ወይ?» አለች።

ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለላት።

«አልቆረጡትም» አለ።

«እንዴ! ጠላት ተሻግሮ አይመጣባቸውም?»

«መጣባቸው እንጂ። ሁሉንም ከተራራው አውርዶ ሜዳ ላይ በተናቸው። አሮጊቷም እዚያ፣ በሙቀቱ ሞተች።»

«ታዲያ ጅሎች ናቸዋ! ለምን አልቆረጡትም?»

«ቢቆርጡት ኖሮ፣ የኔ እናት» አላት አጎቴ፣ «እኛ በምን ተሻግረን እንመለስ ነበር?»

አሰበችበት። ዓይኗ መጨፈን ሲጀምር፣ «ፍየሏስ?» አለች።

«ምድር ቤት ናት። ጠዋት ታያታለሽ።»

ተኛች። አጎቴ ተነስቶ በሩን ከፈተ። በረዶው እስከ ደጃፉ ድረስ ደርሷል። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አነሳና አፉ ውስጥ ከተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ እዚያው ቆመ።

«ኧረ በሩን ዝጋ፣ ብርድ እየገባ ነው!» አልኩት።

«ይግባ» አለኝ።